የኮሞዶሩ ሰዓት

ደሴ፣ ፒያሳ
ነሐሴ መግቢያ

ይድረስ ለወንድሜ ለኢንስፔክተር፦

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደሴ እንደምታውቃት ናት። ከሰኔ ወዲህ የጦሳ ተራራ ፊቱን ያሳየን ቀን ቢኖር በአንድ እጅ ጣት ተቆጥሮ ያልቃል። ጉሙ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍናት እኔም የሱቄን አንድ ክንፍ ዘግቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ በመብራት እሠራለሁ። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

ያ የምንወደው የአሜሪካ ቴሌቪዥን መርማሪ ፖሊስ፣ ኮሎምቦ፣ ታሪኩን የሚጀምረው ገዳዩን አሳይቶ ነው። እኔም ዛሬ በዚያው ደንብ ልጀምር። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እናታችን ባረፉ ጊዜ ቀብር አልደረስኩም፣ ሰልስት አልደረስኩም፣ አርባቸው ላይም አልታየሁም። ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ ሄጄ ታይፎይድ ጥሎኝ ነበር፤ መርዶውን የሰማሁት በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ተመልሼ ሱቄን ስከፍት ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው አፍ ነው። የዚያኑ ዕለት የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ደጅህ ላይ ብቆም ኖሮ አንድ ጊዜ ተቃቅፈን አልቅሰን ባለቀ። እኔ ግን «ምን ፊት ይዤ» ብዬ ለሳምንት አስተላለፍኩት። በሳምንቱ ያ ፊት ይባስ ጠቆረ። አርባው ሲደርስ እንዲያውም የኮምቦልቻ ታክሲ ረዳት ሲጣራ ስሰማ አንገቴን የምደፋ ሰው ሆንኩ። 25 ኪሎ ሜትር መንገድ እኮ ነው! ሰው ዐረብ አገር ካለ ወንድሙ ጋር በየሳምንቱ ይነጋገራል፤ እኔ ከሐረጎ ግርጌ ካለው ወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም። አንተም አልደወልክም፤ ልትደውልም አይገባህም ነበር።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። 37ኛውን የኮሎምቦ ፊልም ያለ አንተ አየሁት።

ሃርድ ዲስክህን ስትተውልኝ ያልከኝን አልረሳሁም፤ «የዚህን ዙር መዝጊያ ብቻ አትንካ፣ አብረን እናየዋለን»። እ.ኤ.አ. በ1968 ከወጣው ከመጀመሪያው ተነስተን 36ቱን በተርታ ስንጨርስ፣ አንተ ከዚያች እግሯ ከተነቀለ ዱካ ላይ ሳትወርድ፣ «አሁን ያዘው» ማለትህን ሳትተው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሳትሳሳት፤ ኢንስፔክተር የሚለው ስም የወጣልህ ለዚህ አልነበር? እኔም ረዳትህ ነበርኩ፤ ሥራዬም ቡና መቅዳትና መሳሳት። አንተ ለሥራ ኮምቦልቻ ስትወርድ መዝጊያው በይደር ቀረ። ሦስት ክረምት ጠበቅኩ። ባለፈው ሐሙስ ማታ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ደንበኛ ጠፍቶ ብቻዬን ተቀምጬ፣ እጄ ሄደ። ይቅር በለኝ። ካየሁት በኋላ ግን ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ፊልሙ ነው እላለሁ።

ርእሱ «ለኮሞዶሩ የመጨረሻ ሰላምታ» እንደማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1976 የታየ። ያዘጋጀው ፓትሪክ ማክጉሃን ነው። ታስታውሰዋለህ፤ በመድፍ ሰው የገደለውን የወታደራዊ ትምህርት ቤት ኮሎኔል ሆኖ የተጫወተው፣ ለዚያም ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት የተሸለመው። ስሙን ሳይ እጄን አፋተግኩ። ኮሞዶር የሚሉት ጀልባ ሠሪ ሽማግሌ ባለጸጋ አለ፤ ቤተ ዘመዱ በሙሉ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር። ሽማግሌው ሞተ። ከዚያ የልጁ ባል በሌሊት ደሙን ሲጠርግ፣ አስከሬኑን በጀልባ ወደ ባሕር ሲወስድ እናያለን። ሰውየውን ሳየው ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሮበርት ቮን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በመርከቡ ላይ ዘፋኟን የገደለው ያው ሰው። «ዛሬም አንተው ነህ?» አልኩት። አንተ ብትኖር «ተወው፣ አንድ ነገር አለው» ትለኝ ነበር። አዎ፣ አንድ ነገር ነበረው፤ ፊልሙ ሲጋመስ እርሱም ሞቶ ተገኘ። ደሙን የጠረገው ሚስቱ አባቷን የገደለች መስሎት ነው።

እስከዚህ ድረስ አልከፋኝም። ለዓመታት ገዳዩን አስቀድመው ሲያሳዩን ኖረው አንድ ቀን ቢያሞኙን ምን አለበት? አሞኙኝ፣ በደንብ አሞኙኝ። ያበሳጨኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ኮሎምቦ ራሱ የለም! ኮቱ አለ፣ ሲጋሩ አለ፣ ያቺ አሮጌ ፔጆ 403 አለች፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው። ተጠርጣሪውን ትከሻውን እያቀፈ፣ አፍንጫውን ፊቱ ላይ ደቅኖ በሹክሹክታ ያወራል። እግሩን አጣጥፎ መሬት ተቀምጦ እንደ ባሕታዊ ያሰላስላል። ሁለት ረዳት ይዞ ይዞራል፤ ኮሎምቦና ረዳት! አንዱ ትዕይንት ሲጎተት ተነስቼ ጀበናዬን ጥጄ ስመለስ ያው ንግግር አላለቀም።

እኛ እኮ የወደድነው ሌላ ነገር ነው። ኮሎምቦ ትልቅ ሰው ግቢ እንደገባ ባላገር ነው፤ ምንጣፉን የሚረግጠው በፍርሃት፣ ስለ ሚስቱ ወሬ የሚያወራው በየዋህነት፤ ባለጸጋውም ይስቅበታል። ወሬው ሰም ነው፣ ወርቁ ገመዱ ነው። ሊወጣ ሲል ከበሩ ዞር ብሎ የሚጥላት አንዲት ጥያቄ የምትጥመው ሰውየው ሰሙን ሲልስ ስለቆየ ነው። በዚህኛው ግን ሰሙን አቅልጠው ጣሉት።

ደግሞ ከዚያው ዙር ነው እኮ! ዙሩን የከፈተውን አስታውስ፤ ባሏን የገደለችውን የቀድሞ ተዋናይት፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ባለ ሕመም የተነሳ መግደሏንም የረሳችውን። የሚወዳት ሰው ወንጀሉን በራሱ ላይ ሲያነሳ፣ ኮሎምቦም ውሸት መሆኑን እያወቀ ዝም ሲለው፣ አንተ «የከሰል ጭስ ነው» ብለህ ዓይንህን ስትጠርግ አይቻለሁ። በዚያ ምሽት ከሰል አልነበረም፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር ያፈላነው።

ወደ ኮሞዶሩ ልመለስ። መጨረሻው አካባቢ ኮሎምቦ ቤተ ዘመዱን በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሰበሰበ። ይህማ አውጫጪኝ ነው አልኩ። አያቶቻችን ሌባ ሲጠፋባቸው አገሩን ዛፍ ሥር ሰብስበው፣ «ያየህ ተናገር፣ የሰማህ ተናገር» እያሉ፣ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም እንደሚሉት። ልክ ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። የኢንስፔክተርነትህን ጊዜ እግዜር ሰጠህ ብዬ ሻማ ለኮስኩና ማሰብ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠፍቶ ቆየ። እኔም የሽማግሌው ልጅ ናት ገዳይዋ ብዬ ቆረጥኩ፤ መጠጥ የምታበዛ ናት፣ ከአባቷም ጋር አይስማሙም፤ ባሏንም ምስጢሯን ስላወቀ አስወገደችው። ከባሏ ጋር አንድ ዓይነት ስሕተት መሳሳቴ ነበር፤ ሟች ያሰበውን አሰብኩ።

መብራት መጣ። አሁን ደግሞ በሙያዬ መጣብኝ። ኮሎምቦ የእጅ ሰዓት አውጥቶ በየተራ በእያንዳንዱ ጆሮ ላይ እያስጠጋ «የኮሞዶሩ ሰዓት» ይላል። ቲክ ቲክ ይላል። ሁሉም ዝም። የሽማግሌው የወንድም ልጅ ጆሮ ላይ ሲደርስ ሰውየው ሳያስበው «አይደለም» አለ። በቃ፣ ተያዘ! የኮሞዶሩ ሰዓት በግድያው ጊዜ መሰበሩን የሚያውቀው ገዳዩ ብቻ ነዋ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሰዓት ስጠግን ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ማስረጃ እኔ ጋ ቢመጣ በመስኮቱ መልሼ እሰጠዋለሁ። የቆመ ሰዓት ለዘላለም ቆመ ያለው ማነው? ከፍተህ ታየዋለህ፤ ወዲያ ወዲህ የምትወዛወዘው ትንሿ ጎማ ዘንጓ ተሰብሮ ይሆናል፣ ወይም ሞላው ተበጥሷል፣ ወይም ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። ትለውጣለህ፣ ታጥባለህ፣ አንድ ጠብታ ዘይት በመርፌ ጫፍ ትነካለህ፤ ያ የሞተ የተባለ ዕቃ በሰከንድ አምስት ጊዜ መምታት ይጀምራል። ታዲያ ሰዓቱን ቆሞ ያየ ሰው ሁሉ፣ ሲሠራ ሲሰማው «አይደለም» ይላል። ገዳይም ይላል፣ ንጹሕም ይላል።

ይህን ስል ለራሴ ደነገጥኩ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ምን እንዳለ ትዝ አለኝ።

እናታችን ካንተ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ከመውረዳቸው በፊት ብቻቸውን ሱቅ መጥተው ነበር፤ አልነገሩህም። ያቺን በሞላ የምትሠራ ትንሽ ወርቃማ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ሰጡኝ። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የቆመችውን፣ አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ቆማ የምታውቃትን። «አባቱ የገዛልኝ ናት፤ አንድ ቀን ስትሄድ ልስማት» አሉኝ። የተሰበረችው ያቺ ዘንግ ናት፤ የምትመጥናት ደሴ ውስጥ አልተገኘችም። ያኔ ታይፎይድ የጣለኝ ጊዜ አዲስ አበባ የወረድኩት ለሌላም ዕቃ ነው፣ ለእርሷም ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከአሮጌ ቆርቆሮ ሣጥን ፈልቅቀው ሰጡኝ። ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ እንኳ በወረቀት ጠቅልዬ በደረት ኪሴ ነበረች። ስመለስ እናታችን የሉም። ሰዓቲቱን ግን ሠራኋት፤ አፍሬ ስለነበር በሌሊት ሠራኋት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እሞላታለሁ። በቀን ሦስት ደቂቃ ያህል ትቀድማለች፤ ስታረጅ እንደዚያ ነው፣ ብነካካት ይብስባታል ብዬ ተውኳት።

ፊልሙ ሲያልቅ ኮሎምቦ በትንሽ ታንኳ እየቀዘፈ ወደ ባሕሩ ይሄዳል፤ ወደ ሚስቱ ነው። ከሁሉ የወደድኩት እርሷን ነው፤ ስልሳ ዘጠኝ ፊልም ሙሉ አንድም ቀን ያልታየችውን ሚስቱን ፍለጋ ሲቀዝፍ።

38ኛውን አልነካሁትም። በዚያው ዓመት በጥቅምታቸው የወጣ ነው፤ ከዚያ ጀምረን እስከ መጨረሻው ገና 32 አለን። እሑድ ጠዋት፣ አላህ ካለ፣ በመጀመሪያው መኪና ሐረጎን እወርዳለሁ። መጀመሪያ እናታችን ወዳረፉበት ትወስደኛለህ፤ ቡናውን ከዚያ በኋላ እንጠጣለን። ሰዓቲቱን ሞልቼ አመጣታለሁ። ጆሮህ ላይ ሳስጠጋት «አይደለችም» ብትለኝ፣ እኔ እንደ ኮሎምቦ አልይዝህም።

ረዳትህ፣
የፒያሳው ሰዓት ጠጋኝ