ስድስቱ ዶሮዎችህ ሃያ አራት ከመሆናቸው በፊት

ቢሾፍቱ፣ ሐምሌ

ይድረስ ለውድ ወንድምዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ ክብር ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ለመጥፋቴ ምክንያት ብደረድር አንተም አታምነኝም፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ደብረ ብርሃን ጓሮህ ውስጥ ስድስት ዶሮ እንደያዝህና አሁን አሥራ ስምንት ልትጨምርባቸው እንደሆነ ሰማሁ። ሌላውን ወሬ ስንገናኝ እንጫወተዋለን። ይኼኛው ግን ዶሮዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ሊደርስህ ይገባል፤ ጓሮ ውስጥ ዶሮ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ሲቀላቀልበት ነውና።

በሐምሌና በነሐሴ አትግዛ። የ45 ቀን ዶሮ ላባዋ ገና አልሞላም፣ የእናንተ ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከብርዱ በላይ ግን እርጥበቱን ፍራ። ጉዝጓዙ ሲርስ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይነሳል፤ ኩሷ ደም ይቀላቅላል፣ ላባዋን ነፍታ ጥግ ትይዛለች። አምፕሮሊየም የሚባለው መድኃኒት ለአምስት ቀን በውሃ ከተሰጣት ትድናለች፤ ጉዝጓዙ ካልተቀየረ ግን መድኃኒቱ ሲያልቅ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ክረምቱን ቤት ሥራበት።

አሥራ ስምንቱንም በአንድ ጊዜ ባታስገባ እመርጣለሁ። ሳሶ የምትባለው ዝርያ መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሞላት ነው፤ በ45 ቀኗ ከገዛሃት ሦስት ወር ተኩል ትጠብቃለህ። መስከረም መጀመሪያ የገባች ለገና ትደርሳለች፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ የገባች መጋቢት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ትጀምርና ለፋሲካ በሙሉ ጉልበቷ ትጥላለች። ሁሉም በመስከረም ከገቡ እንቁላሉ የሚበዛው ዐቢይ ጾም ላይ ነው፤ ያኔ ቤትህም አይበላ፣ ጎረቤትም አይገዛ። ዶሮዋ ደግሞ አትጾምም፤ በ55ቱም ቀን መኖዋን ትጠይቅሃለች። አሥር በመስከረም፣ ስምንት በታኅሣሥ ብትከፍላቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ አያረጁብህም። የታኅሣሦቹ ውርጭ ስለሚያገኛቸው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማታ ማታ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልለህ መሃላቸው አስቀምጥ። ከሰል አጢሰህ በር እንዳትዘጋባቸው፤ ጢሱ ሰውን እንደሚገድል እነሱንም ይገድላል።

ስለ ዝርያ ብዙ አላወራህም። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ትጥላለች፤ ቦቫንስ ብራውን በደንብ ከተቀለበች ወደ 300 ትጠጋለች፣ ግን መኖ ሲጓደል ወዲያው ታቆማለች። ሳሶ በእንቁላል ከቦቫንስ ታንሳለች፤ ለጓሮ ግን ትችላለች፣ ስታረጅም ለበዓል የሚሸጥ ሥጋ አላት። አውራ ዶሮ ለእንቁላል አያስፈልግም፤ ጫጩት ካልፈለግህ ጎረቤትህን በሌሊት አታስቀስቅስ።

ቤቱን ገና ከአሁኑ ለ24 ሥራው። በካሬ ሜትር አምስት ዶሮ ብትቆጥር 2 በ2 ሜትር ተኩል ይበቃሃል። ወለሉን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው፤ ጎርፍ እንዳይገባ። ግድግዳው እስከ 60 ሳንቲ ድፍን ይሁን፣ ከዚያ በላይ ሽቦ፤ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ግን እስከ ላይ ድፈነው። ለሌሊት ከማዳበሪያ ከረጢት መጋረጃ ስፋና ከላይ 20 ሳንቲ ያህል ክፍት ተው። ሰው ብርድ ፈርቶ ሁሉንም ይደፍናል፤ ከዚያ የኩሱ ጋዝ ዓይናቸውን ያቃጥላል፣ ማስነጠስ ይጀምራሉ፣ ሰውየው ጉንፋን ነው ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። ጠዋት መጋረጃውን ከመግለጥህ በፊት ገብተህ ቁጢጥ በል። ቆመህ የማይሸትህ እነሱ ቁመት ላይ ከሸተተህ አየሩ አልበቃም።

ሽቦው ቀዳዳው ጠባብ የሆነው ይሁን። ሰፊው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያግዳል እንጂ ሽለምጥማጥን አያግድም። ጭንቅላቱ ካለፈ አካሉ ያልፋል፤ ገብቶም አንዷን ይዞ አይወጣም፣ የደረሰበትን ሁሉ ይፈጃል። በግድግዳው ሥር ዙሪያውንም ሽቦ 30 ሳንቲ ያህል መሬት ውስጥ ቅበር፣ ጣራውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ክፍተትም በእጅህ እየዳሰስህ ፈትሽ።

ቆጡ ለአንዷ 20 ሳንቲ ሲታሰብ ለ24ቱ ወደ 5 ሜትር ይሆናል፤ 2 ሜትር ተኩል የሆኑ ሁለት እንጨቶች ማለት ነው። ጠርዛቸውን ላገው፣ በመካከላቸው 35 ሳንቲ ተው፣ ሁለቱንም እኩል ከፍታ ላይ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር አድርጋቸው። አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም እዚያ ለመውጣት ሲጋፉ ያድራሉ። እንቁላል መጣያው 30 በ30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ የሆነ ሣጥን ነው፤ ለ24 ዶሮ አምስት ይበቃል። ከቆጡ ዝቅ ያለና ጨለም ያለ ቦታ አድርገው፤ ከቆጡ ከፍ ካለ ያድሩበትና እንቁላሉ ኩስ በኩስ ይሆናል።

ለወለሉ ሰጋቱራ ካገኘህ እሱን፣ ካልሆነ የገብስ ገለባ አጠር አጠር አድርገህ፣ ስምንት ሳንቲ ያህል አልብስ። በየሁለት ቀኑ አንድ እፍኝ አንሥተህ ጨምቀው። እጅህን ስትከፍት ከተበተነ ደህና ነው፤ እንደ ጭብጦ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧልና በመንሽ ገልብጠህ ደረቁን ጨምርበት። መጠጫው ሥር ያለውን ግን ቶሎ ቶሎ አውጥተህ ጣለው፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አዲሶቹ ሲመጡ ከስድስቱ ጋር እንዳትቀላቅላቸው። ሦስት ሳምንት በሌላ ቤት፣ በሌላ መመገቢያና መጠጫ ይቆዩ። ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ ወደ ትንንሾቹ ግባ፣ ከዚያ ወደ ትልልቆቹ፤ ትልልቆቹ ሳይታመሙ የሚሸከሙት ጀርም ለትንንሾቹ ይበቃል። ለየቤቱ የተለየ ጫማ በር ላይ ይቀመጥ። ሦስቱ ሳምንት ካለፈና ሁሉም ጤነኛ ከሆኑ በመሃላቸው ሽቦ ጋርደህ አንድ ሳምንት ይተያዩ። ከዚያ ማታ፣ ሲጨልም፣ አንድ በአንድ አንሥተህ ቆጡ ላይ አስቀምጣቸው።

ጠብ አይቀርም። ስድስቱ ተራቸውን ያወቁ ናቸውና ሥርዓቱ እንደገና ይሠራል። ሁለት መመገቢያና ሁለት መጠጫ በተቃራኒ ጥግ ካላስቀመጥህ ትንንሾቹ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ደም ያየች ዶሮ አትተውም፤ የቆሰለችውን ጂቪ (ሐምራዊውን የቁስል መድኃኒት) ቀብተህ ለያት። ነካሿንም ለሦስት ቀን ብቻዋን አግልላት፤ ስትመለስ ራሷ እንግዳ ትሆናለች። ላባ መነቃቀሉ ከሳምንት በላይ ከዘለቀ ግን ጠባይ ነው ብለህ አትለፈው፦ ወይ ጠቧቸዋል፣ ወይ መኖው ፕሮቲን ወይም ጨው አንሶታል። ጎመን በገመድ አንጠልጥልላቸው፤ ሥራ ያገኛሉ።

የተለያየ ዕድሜ ሲቀላቀል የመኖ ነገር ይወሳሰባል። የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ከፍ ያለ ስለሆነ ያልደረሰችውን ኩላሊቷን ይጎዳል፤ የታዳጊ መኖ ደግሞ ለምትጥለው ካልሲየም ያንሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ትንንሾቹ 18 ሳምንት እስኪሞላቸው ሁሉም የታዳጊ መኖ ይብሉ፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በተለየ ሳህን ይቀመጥ። የምትጥለው ሄዳ ትለቅማለች፣ ታዳጊዋ እምብዛም አትነካውም። የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል፤ ግን በምጣድ አመስ አድርገህ አድቅቀው። ቅርጹን እንደያዘ ከሰጠሃት እንቁላል መብላት ታስተምራታለህ።

ስድስቱ ፉርሽካና የገበታ ትራፊ ብቻ እየበሉ እንደሆነ ነገሩኝ። የእንቁላሉ ቅርፊት የሳሳውና ቁጥሩ የወረደው በዚህ ይመስለኛል። ፉርሽካ ሆድ ይሞላል እንጂ እንቁላል አይሠራም። አንዷ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ሙሉ መኖ ትፈልጋለች፤ 24ቱ በወር 83 ኪሎ ገደማ ይፈጃሉ። ይህን ሳታሰላ አትግዛ። ራስህ ልታዘጋጅ ካሰብህ ለአንድ ኩንታል በቆሎ 50፣ የኑግ ፋጉሎ 17፣ የተቆላ አኩሪ አተር 14፣ ፉርሽካ 9፣ የኖራ ድንጋይ 8፣ የአጥንት ዱቄት 1 ኪሎ፣ ጨው ግማሽ፣ የቫይታሚንና ማዕድን ቅልቅል ግማሽ ኪሎ አድርግ። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ አይግባ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት። የሻገተ በቆሎም ለዶሮ ይሆናል አትበል፤ የሻጋታው መርዝ ጉበቷን ይገድላል። የእንጀራ ፍርፋሪ ከመኖው አንድ አሥረኛ እስካላለፈ አይከፋም። በርበሬው አያስጨንቅህ፣ ዶሮ ማቃጠሉ አይሰማትም፤ የወጡን ጨው ግን ፍራው።

ውሃ ከመኖ ይቀድማል። ለግማሽ ቀን መጠጫው ከደረቀ በማግሥቱ እንቁላሉ ይቀንሳል፣ ለመመለስም ቀናት ይወስዳል።

ፈንግል መድኃኒት የለውም። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጣመም፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፤ ከዚያ በሁለት በሦስት ቀን ቤቱ ባዶ ነው። ስትገዛ የትኞቹ ክትባቶች በስንት ቀን እንደተሰጡ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቅ፤ ወረቀት የሌለውን አትግዛ። ከዚያ በኋላ ላሶታ የሚባለው የፈንግል ክትባት በየሦስት ወሩ ይደገማል። ክትባቱን በረዶ ባለበት ፔርሙዝ አምጣው። መጠጫውን ለሁለት ሰዓት ካነሣህ በኋላ፣ አድሮ ክሎሪኑ የወጣለት አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ስብ አልባ የዱቄት ወተት በጥብጥና ክትባቱን ጨምር። ወተቱ የቀረውን ክሎሪን ይይዝለታል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት፤ የተረፈው ለነገ አይሆንም፣ ሞቷል። ትንሹ ብልቃጥ እንኳ ከዶሮህ ቁጥር ይበልጣልና ከጎረቤቶችህ ጋር በአንድ ቀን ተካፈሉት። የነሱ ዶሮ ካልተከተበ ያንተም ሥጋት አለበት።

በዚሁ ላይ፣ ለበዓል ከገበያ የሚመጣውን አውራ ዶሮ ጓሮ ውስጥ አትሠረው። ከየት እንደመጣ፣ ከምን ጋር እንደታጎረ አታውቅም፤ ፈንግልም በበዓል ሰሞን ገበያ ለገበያ የሚዞር በሽታ ነው። የምታርደው ከሆነ በመጣበት ቀን እረደው፣ ላባውንና የሆድ ዕቃውን ቅበረው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያየዋል።

አሮጌዎቹን ስድስት ደግሞ ሳትፈትሽ ማን እንደሚጥል አታውቅም። ማታ ቆጥ ላይ ሳሉ አንዷን አንሣ፣ ደረቷን በክንድህ ላይ አስተኝተህ ጭራዋን ወደ አንተ አዙር። ከመቀመጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች በጣትህ ታገኛለህ። በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው፤ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ አቁማለች። የምትጥለዋ መቀመጫ ሰፊ፣ እርጥብና ነጣ ያለ ነው፤ ያቆመችው ጠባብና ደረቅ። ላባ እየቀየረች ከሆነ ሁለት ሦስት ወር ታገሣት። ላባዋ ሙሉ ሆኖ አጥንቷ ከተዘጋና ሁለት ዓመት ካለፋት፣ ለእንቁጣጣሽ ናት።

እግረ መንገድህን በባትሪ የቆጡን ሥር እይ። ቅንቅን ቀን ይደበቃል፣ ሌሊት ነው የሚወጣው። ደረቅ አመድና አፈር የተቀላቀለበት ሣጥን ጥግ ላይ አኑርላቸው፤ ይንከባለሉበታል።

መብራት ልጨምር ካልህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስኪነጋ አብራ፤ ከቀኑ ጋር 14 ሰዓት ይሞላል። ማታ ከሆነ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ሳይወጡ ይቀራሉ። ለታዳጊዎቹ አታብራ፤ ያለጊዜያቸው ጀምረው መቀመጫቸው ይወጣል። መብራት በየቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ጭራሽ አትጀምረው፤ አንድ ቀን በርቶ ሌላ ቀን መጥፋቱ ላባ ያስጥላቸዋል።

እንቁላሉን ሁለቴ ሰብስብ፣ አብዛኛው ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ይጣላል። አትጠበው፤ በላዩ ያለው ስስ ሽፋን ነው ጀርም የሚከለክልለት። የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ቀድመህ ብላው፣ ሌላውን ሹሉን ወደ ታች አድርገህ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥ።

ሽቦ ከመግዛትህ በፊት የቦታውን ልክና ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ጻፍልኝ። የአጥንቱንም ፍተሻ ዛሬ ማታ አድርገህ ከስድስቱ ስንቱ እንደሚጥሉ ንገረኝ፤ ስንት መግዛት እንዳለብህ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ