ለጣና የሚሠራ ጀልባ፣ አፍንጫው መጀመሪያ ይሰላ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጀልባ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ሞተሩ ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? ዘጌ በስንት ደቂቃ ያደርሳል? ስለ አፍንጫው ቅርጽ የሚጠይቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ነዳጅ የሚጨርሰው፣ የደንገል ታንኳ የሚያናውጠው ማዕበል በአብዛኛው የሚነሳው እኮ እዚያ ነው።

ማገዶ የጫነ ታንኳ ጠርዙ ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም። ፈጣን ጀልባ አልፎት ከሄደ በኋላ ነው ማዕበሉ የሚደርሰው፤ ቀዛፊው ቶሎ ብሎ ፊቱን ወደ ማዕበሉ ካላዞረ ውሃው ከጎን ይገባበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባው ሲገፋው ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሳል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ አፍንጫው ደፍጣጣ ከሆነ፣ ውሃው በስሌት ቢበዛ እስከ 1.3 ሜትር ሊወጣ ይችላል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ከፍታው አራት እጥፍ ይሆናል። ሹል አፍንጫ ግን ሰንጥቆ ወደ ጎን ስለሚያሳልፈው ጭማሪው በጣም ያንሳል።

የጣና ጣጣ ደግሞ ጥልቀቱ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ላይ፣ 2 ሜትር ውሃ ባለበት፣ ማዕበል በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጀልባው እዚያ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ማዕበሉ ማምለጥ አቅቶት ፊቱ ይከመራል፣ ሞተሩም በከንቱ ያቃስታል።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፍሩድ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ትንንሽ ሞዴሎችን ገንዳ ውስጥ እየጎተተ ያጠናው ነበር። ዛሬ ኦፕንፎም የሚባል ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ውሃውንና አየሩን በትናንሽ ሳጥኖች ይከፋፍልና እያንዳንዱ ሳጥን ምን ያህሉ ውሃ እንደሆነ ያሰላል፤ በከፊል የሞሉት የውሃው ገጽ ናቸው። አፍንጫው አካባቢ ሳጥኖቹ በደንብ ካልደቀቁ ግን ማዕበሉ ስክሪን ላይ ይሟሟል፣ መጥፎው ጀልባም ጥሩ ይመስላል። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

ከተማችን ውስጥ ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆች ሞልተዋል፣ ጀልባ የሚበይዱ ባለሙያዎችም አሉን። እባካችሁ አገናኟቸው። የመመረቂያ ሥራ ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አይታየኝም። ስሌቱ ሲሠራ ጥልቁ ውሃ ብቻ እንዳይታሰብ፣ 2 ሜትሩም ይሞከር፤ ታንኳ ቀዛፊዎቹ የሚውሉት እዚያ ነው። እስከዚያው ግን ዘዋሪዎች፣ ታንኳ ስታዩ ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ አጠገቡ ደርሳችሁ ብትቀንሱ ማዕበሉ አንዴ ተነስቷል።

አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ