«ካሬው ስንት ነው?» ለምትሉን ደንበኞቻችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የድርጅት ስምና ስልክ ቁጥር ከስቲከር ቆርጠን መኪናና ማሽን ላይ የምንለጥፍ ነን። ስልካችን ሲጮህ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስቲከር በካሬ ስንት ነው?» የሚል ነው። ለሱቅ መስታወት ወይም ለአንዲት የቤት መኪና በር ከሆነ ቁጥሩን ወዲያው እንነግራችኋለን። ለገልባጭ፣ ለተሳቢ፣ ለቦቴ፣ ለሎደርና ለኤክስካቫተር ግን በስልክ ዋጋ መናገር ትተናል። አንዳንዶቻችሁ «ሰው አይተው ሊጠሩ ነው» ብላችሁ ቅር እንዳላችሁ ሰምተናል። እውነት አላችሁ፣ አይተን ነው የምንጠራው፤ የምናየው ግን ሰውየውን ሳይሆን ብረቱን ነው።

ይህን ያስተማረን የራሳችን ስህተት ነው። አንድ ደንበኛ የስድስት ገልባጮች ፎቶ በቴሌግራም ላከልን። በፎቶው ላይ የካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ጎን ልሙጥ ይመስላል። በካሬ አስልተን ተስማማን፣ ቀብድም ተቀበልን። ቃሊቲ ደርሰን ስናይ ጎኑ ከላይ እስከ ታች የቆሙ የብረት ጎድኖች አሉት፤ ቀለሙም ከተቀባ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። በእጅ ሲነካ ደርቋል፣ ከውስጥ ግን ቲነሩ ተንኖ አላለቀም። መኪኖቹ በማግስቱ ለሥራ ስለሚወጡ «ዝም ብላችሁ ለጥፉት» ተባልን፤ ለጠፍን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፊደሎቹ የእንጀራ ዓይን አወጡ። መውጫ ያጣው ትነት ከሥር ገፍቷቸው ነው። ስድስቱንም ልጠን በራሳችን ወጪ እንደገና ሠራን። ከዚያ ወዲህ አዲስ የተቀባ መኪና ሦስትና አራት ሳምንት ሳይቆይ አንነካም። ቅር የሚለው ደንበኛ ቢኖርም እንኳ ይህን አንለውጥም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ካሬ ለምን እንደሚያሳስት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ ድርጅት ስሙን በተሳቢው ግራና ቀኝ በ66 ሳንቲ ሜትር ቁመት ማጻፍ ፈለገ እንበል፤ ጽሑፉ 9 ሜትር ይረዝማል። በእናንተ ሜትር ሁለቱ ጎን ተደምሮ ወደ 12 ካሬ ነው። የእኛ ሮል (የስቲከሩ ጥቅል) ደግሞ ወርዱ 122 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ፕሎተሩ (ፊደል የሚቆርጠው ማሽን) ጥግና ጥጉን በጎማ ስለሚይዘው ለመቁረጫ የሚተርፈው 118 ገደማ ነው። 66ቱ በወርዱ ሁለቴ አይገባም። ስለዚህ ለአንዱ ጎን 9 ሜትር፣ ለሌላው 9 ሜትር፣ በድምሩ 18 ሜትር ሮል ይወጣል፤ ይህም ወደ 22 ካሬ ነው። ቁመቱን ወደ 58 ብናወርደው ግን ሁለቱ ጎን ጎን ለጎን ይገባሉ፤ ጽሑፉም አብሮ ያጥራል፣ 8 ሜትር ሮል ይበቃል። 22 የነበረው ወደ 10 ካሬ ወረደ ማለት ነው። የስምንት ሳንቲ ሜትር ልዩነት መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታወቅም። ኪሳችሁ ላይ ግን በደንብ ይታወቃል።

«የተረፈው ወርድ ለሌላ ሥራ አይውልም ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይውላል፤ ያንኑ ቀለም የሚፈልግ ሰው እስኪመጣ ድረስ ግን መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ፊደሎቹን ለየብቻ በታትነን በየክፍተቱ ብንቆርጣቸውም ይቻላል። ያኔ ግን መኪናው ላይ ገመድ ወጥረን አንድ በአንድ እየለካን ልንለጥፋቸው ነው፤ በስቲከር ያተረፍነውን በሰዓት እንከፍለዋለን። ለዚህ ነው ቁመቱን ቁርጥ አድርጋችሁ ሳይሆን «ወደዚህ ገደማ» ብላችሁ ብትነግሩን የምንመርጠው።

ቁመቱ ራሱ ስንት ይሁን ለሚለው በሙያችን የቆየ መለኪያ አለ፦ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል። ከ30 ሜትር እንዲነበብ የምትፈልጉት ስልክ ቁጥር 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሃይሉክስ በር ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ቁጥር አጽፋችሁ «ማንም አይደውልልንም» ያላችሁን ደንበኛችን፣ ይኸው ምክንያቱ።

ትንንሹ ጽሑፍ ርካሽ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። ፕሎተሩ ቆርጦ ሲጨርስ ትርፉን ስቲከር በፒንሴት የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል። ትልቁ የድርጅት ስም በአንድ ጊዜ ይላቀቃል። ከሥሩ በ6 ሳንቲ ሜትር «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ሲጻፍ ግን 17 ፊደል ነው፤ ወ እና ማ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይለቀማሉ፣ ቀጫጭኑ እግር አብሮ እንዳይነሳ ትንፋሽ ተይዞ። ለቃሚያችን በዚያች መስመር ላይ ከዋናው ስም የበለጠ ታመሻለች። «ኃ.የተ.የግ.ማ.» ብትሉት እሷም ትመርቃችኋለች። ስማችሁን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የምታጽፉ ደግሞ ሥራው ሦስት ጽሑፍ እንጂ አንድ አለመሆኑን አስቡልን።

ስቲከሩም አንድ ዓይነት አይደለም። ካለንደርድ የሚባለው በሮለር ተዳምጦ የሚሠራ ነው፤ ወፈር ይላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ተስቦ ስለተሠራ ከጊዜ በኋላ ወደ ነበረበት መሰብሰብ ይፈልጋል። ልሙጥ በር ላይ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይበቃል፤ ጎድን ባለው ብረት ላይ ግን ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ክፍል ቀስ እያለ ተነስቶ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ካስት የሚባለው እንደ ፈሳሽ ፈስሶ የደረቀ፣ 50 ማይክሮን ያህል ብቻ የሚወፍር ነው፤ ሙቅ አየር በሚነፋው ሂት ገን ስናሞቀው በቡሎኑ ላይ ይተኛል፣ ባለበትም ይቀራል። ለኮንቴይነር፣ ለጎድናማ ካሶኒና ቡሎን ለበዛበት ማሽን ከካስት በታች አንሠራም። ኮንቴይነርን ደግሞ ሜትሩን ዘርግታችሁ አትለኩት፤ ወደ ጎድጎዱ እየገባ ሲለካ የ6 ሜትሩ ግድግዳ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይጨምራል።

ቦቴ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ነዳጅ የጫነ ቦቴ አጠገብ ሂት ገን አናበራም። ባዶ ቦቴ ከሙሉው ይበልጥ ያስፈራናል፣ ምክንያቱም ውስጡ ትነት እንጂ አየር ብቻ አይደለም። ታጥቦ ትነቱ መውጣቱ ሳይረጋገጥ ከመጣ እንመልሰዋለን። መመለሱ ለእናንተ ወጪ እንደሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ።

ማሽን ወደ እኛ ግቢ እንድታመጡ አንጠይቅም። ኤክስካቫተር ለስቲከር ብሎ ሎቤድ (ማሽን ማጓጓዣ ተሳቢ) ላይ አይጫንም፤ እኛ ገላንም ዱከምም እንሄዳለን። ሳይት ላይ ግን የሃይድሮሊክ ዘይቱ፣ ግሪሱና ጭቃው ታጥቦ ይጠብቀን። በአልኮል የምንጠርገው የመጨረሻውን ብናኝ እንጂ የአንድ ክረምት ጭቃ አይደለም። ሦስት ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ ማሽን ሲያጥብ ከዋለ ዋጋው ላይ ይጨመራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አንጀምርም፤ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ብረት ሙጫውን አይቀበልም። አፋር ላይ በቀትር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሙጫው ብረቱን እንደነካ ይይዛል፣ የተጣመመን ማቅናት የለም።

የድሮ ጽሑፍ መላጥ ለብቻው ይታሰባል። ስድስት ዓመት ፀሐይ የመታው ስቲከር እንደ ድንች ልጣጭ አይወጣም፤ ጥፍር በሚያህል ቁራጭ ነው የሚነሳው። ሲያልቅም ከሥሩ ያለው ቀለም ፀሐይ ስላልነካው የድሮው ስም ጥላ ይቀራል። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ፣ የቀድሞው ባለቤት ስም ከእናንተ ስም ሥር እየታየ እንዳይጓዝ መጀመሪያ ቀለሙን አስቡበት።

«አሥር መኪና ነው፣ ቀንሱልን» የሚለውን ደግሞ በደስታ እንሰማለን፤ ግን የሚቀንሰውንና የማይቀንሰውን እንለይ። ዲዛይኑ አንዴ ነው የሚሠራው፣ ልኬቱም አንዴ፣ መንገዱም በአንድ ጉዞ ያልቃል፤ ይህ ለአሥር ይካፈላል። ስቲከሩና እጁ ግን በአሥረኛው መኪና ላይም ያው ነው። ሎጎውን ከቢዝነስ ካርድ ላይ በስልክ አንስታችሁ የምትልኩ ካላችሁ ዲዛይኑ ከባዶ ነው የሚሳለው። መጀመሪያ የሠራላችሁ ሰው ጋ የቬክተሩ ፋይል (ሎጎው ሲተልቅ የማይደበዝዝበት ዋናው ፋይል) ሊኖር ይችላልና ጠይቁት።

የዋጋ ማቅረቢያችን ለምን 10 ቀን ብቻ እንደሚጸና የምትጠይቁ አላችሁ። ስቲከሩ፣ የፕሎተሩ ምላጭ፣ ፊደሎቹን አንስተን መኪናው ላይ የምናሳርፍበት ማንሻ ቴፕ ሁሉ ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያኔ ለሁለት ወር የሚጸና ዋጋችንን በእጃቸው የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ቃላችንን ጠብቀን ሠራንላቸው። ሁለተኛ ግን አንችልም። ቀብዱ ግማሽ የሆነውም በዚሁ ነው፤ በዚያው ቀን ሮሉን ገዝተን በስማችሁ እናስቀምጠዋለን። በማቅረቢያው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለብቻው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ዋጋ ስትጠይቁ ሁለቱንም ጎን ከፊት ለፊት ያነሳችሁትን ፎቶ፣ ሜትር ዘርግታችሁ የለካችሁትን ርዝመትና ቁመት፣ እንዲሁም ቀለሙ መቼ እንደተቀባ ላኩልን። በእነዚህ የግምት ዋጋ በማግስቱ እንሰጣችኋለን። የሚጸናውን ዋጋ መኪናውን አይተን ነው የምንጽፈው። አዲስ አበባ ውስጥ ለመለካት አናስከፍልም፤ ከከተማ ውጭ ከሆነ የነዳጁን ትሸፍናላችሁ፣ ሥራው ከተሰጠን ከሒሳቡ ላይ ይቀነሳል። እሑድ መኪናችሁ ለሚቆም፣ እሑድም እንሠራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ባልደረቦች
አዲስ አበባ