አባዬ፣ ሸክላዎቹን አትሽጥ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አንድ ሰውዬ የሙዚቃ ሸክላዎችህን በጅምላ ልግዛ እያለ እንደሚመላለስ እህቴ ነገረችኝ። እባክህ አትቸኩል። በተለይ የድምፃዊውን የአለማየሁ እሸቴን።

ሰውየው «የኢትዮጵያ ጀምስ ብራውን» እያለ አሞካሸው አሉ። እዚህ አሜሪካም የሚሉት እንደዚያው ነው። ለእኔ ግን ግማሹ ነው እውነቱ። ጩኸቱ፣ ጸጉሩ፣ አለባበሱ፣ እሺ ይሁን። ግን «ተማር ልጄ»ን አስበው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ጀምስ ብራውንም በ1966 እ.ኤ.አ. ትምህርት አታቋርጡ ብሎ ዘፍኗል፤ የእሱ ለወጣቱ ሁሉ የተደረገ ቅስቀሳ ነበር። አለማየሁ ግን በዚያ በሚያስጨፍር ምት ላይ ሀብት የሌለውን አባት ሆኖ ነው ልጁን የሚመክረው። ሰው እየጨፈረ ይመከራል! አንተም ስትላጭ እሱኑ ታንጎራጉር ነበር፣ ለማን እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ ልጅ መሆኑን የነገርከኝ አንተ ነህ። የሸክላ አሳታሚውን የአምሃን ታሪክ ግን ያወቅኩት እዚህ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ ግን በ1969 እ.ኤ.አ. ደፍሮ ህንድ አሳትሞ አስገባ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ ነው። (ሁለቱም እሸቴ ቢባሉም ወንድማማች አይደሉም። ለጎረቤታችን ንገርልኝ፣ ይህን ክርክር አንተ አሸንፈሃል።)

ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ ገደለው፤ አምሃም አገር ጥሎ ወጣ። የዚያ ዘመን ሸክላ በዚሁ ቆመ ማለት ይቻላል። ፈረንጆቹ የዚያን ዘመን ሙዚቃ «ኢትዮፒክስ» ብለው በተከታታይ ሲዲ ሲያወጡት ዘጠነኛውን ቅጽ ሙሉ ለሙሉ ለአለማየሁ ሰጡት። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚህ አሜሪካ ድረስ መጥቶ ዘፈነ። ሁለቱም እሸቴዎች ያረፉት በአንድ ዓመት ነው፣ በእኛ በ2013።

ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ኅትመቶች ሰብሳቢዎች እንደ ወርቅ የሚያሳድዷቸው። ሰውየውም ያለ ነገር አይመላለስም፤ ዋጋቸውን ከአንተ በላይ ያውቃል።

እህቴ የእያንዳንዱን መሃል ወረቀት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። እስከዚያ ከመስኮቱ ፀሐይ አርቀህ አቁመህ ደርድራቸው፤ ተጋድመው ሲደራረቡ ይጣመማሉ። ልትሸጥ ያሰብከው ብር አጥሮህ ከሆነ ግን ሳትደብቅ ንገረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ።

ልጅህ