ዘመኑ በሰነድ በኩል ይግባ

ይድረስ ለክቡር የመጻሕፍት ዓምድ አዘጋጅ፤

ዓምዳችሁ የግለሰብን ሕይወት ከማኅበራዊ ታሪክ ጋር አዋሕደው የሚጽፉ ደራሲያንን ማወደሱ ተገቢ ነው። ውሕደቱ እንዴት እንደሚመጣ ግን አልተነሣም፤ ብዙ መጻሕፍት የሚበላሹትም እዚያው ላይ ነው። ባለታሪኩ ይወለዳል፤ ስለ ዘመኑ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይተረካል፤ ከዚያ ባለታሪኩ ተመልሶ ይመጣል። ይህ መደረብ እንጂ መዋሐድ አይደለም። ዘመኑ መግባት ያለበት ባለታሪኩን በነካው ሰነድ በኩል ነው፤ በፈረመው ውል፣ በከፈለው ግብር፣ በኑዛዜው፣ በቆመበት ችሎት።

በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት የኖረችው አዋላጅ ማርታ ባላርድ ከ1785 እስከ 1812 እ.ኤ.አ. የዕለት ማስታወሻ ይዛለች። የአየሩ ጠባይ፣ ወንዝ መሻገሯ፣ የተሸመነው ጨርቅ፣ የወለደችው እናት፣ የተከፈላት ዋጋ። የአንዱ ቀን ብቻውን ሲነበብ ምንም አይመስልም፤ ማስታወሻውም ተራ ነገር የሞላበት ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተንቆ ነበር። 816 ወሊዶች አንድ በአንድ ተለቅመው ስም ከስም፣ ክፍያ ከክፍያ ሲያያዝ ግን በወንዶች የሒሳብ መዝገብ ላይ የማይታየው የሴቶች ሥራና ልውውጥ ፍንትው ብሎ ወጣ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የባለታሪኩ ስም ያለበትን መስመር ብቻ ቀድቶ መሄድ አይበቃም። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መዝገብ ከሱ በላይና በታች የሰፈሩት ሰዎች ስንት እንደከፈሉ ካልታየ፣ ድሀ ይሁን ባለጸጋ በምን ይታወቃል? በድሮ የሕዝብ ቆጠራዎች በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከልክ በላይ ይበዛሉ፤ ሰው ዕድሜውን በግምት ይናገር ስለነበር «40» የሚለውን ይዞ የልደት ዓመት ማስላት ያሳስታል። በእንግሊዝ ደግሞ እስከ 1751 ድረስ ሕጋዊው ዓመት የሚጀምረው ማርች 25 ነበር። በሜይ 1720 የተጋቡ ባልና ሚስት በፌብሯሪ 1720 ልጅ ወለዱ የሚል መዝገብ ቢገኝ፣ ልጁ ከጋብቻ በፊት የተወለደ ይመስላል። በዛሬው አቆጣጠር ግን ወሩ ፌብሯሪ 1721 ነው፤ ከሠርጉ ዘጠኝ ወር በኋላ ማለት ነው። በዚህ ስሕተት የአንዲት ሴት ስም በከንቱ ሊጠፋ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው የዘመኑን አማካይ ለባለታሪኩ ማልበስ ነው። በአንዱ ገጽ «ሸማኔዎች ይህን ያህል ያገኙ ነበር» የተባለው፣ ጥቂት ገጽ አልፎ «እሱም ይህን ያህል ያገኝ ነበር» ሆኖ ቁጭ ይላል፤ በመሐል የተጨመረ ማስረጃ የለም።

ስለዚህ ገምጋሚዎቻችሁ ከማወደሳቸው በፊት አንድ ምዕራፍ መርጠው የግርጌ ማስታወሻውን ይመርምሩልን፤ ስንቱ የባለታሪኩ የራሱ ሰነድ ነው፣ ስንቱስ ስለ ዘመኑ በጠቅላላው የተጻፈ? ቁጥሩንም በግምገማው ላይ ያስፍሩልን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ