የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ ትንሿን ስክሪን አንብቡ

ዘንድሮ 14 አባላት ይዘን ነው የጀመርነው፣ ሀሳባችን ዎርድና ኤክሴል ነበር፣ ህዳር ላይ ግን የድሮ ተማሪያችን ከውጭ ሲመጣ አንድ ትሬዞር ዋን ለክበቡ ሰጠን፣ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ሃርድዌር ዋሌት ናት፣ ገንዘቡን ለማዘዝ የሚያስፈልገውን ሚስጥራዊ ቁልፍ ውስጧ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ፣ ሁለት በተንና ትንሽዬ ስክሪን ያላት። ወላጆች እንዳትሰጉ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም በክሪፕቶ መገበያየት ህጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል፣ ስለዚህ የሰራነው በቴስትኔት ሳንቲም ብቻ ነው፣ ለመለማመጃ የሚሆን ምንም ዋጋ የሌለው።

መጀመሪያ ያስቸገረን ኬብል ነው። ላብ ውስጥ ስንሰካት ስክሪኗ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያያትም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዊንዶውስ ስንጭን ስናጠፋ ከረምን፣ በኋላ አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር ኬብሉ የቻርጅ ብቻ ቢሆንስ?" አለችኝ፣ እውነትም የዳታ ሽቦ የለውም፣ ስንቀይረው ወዲያው ገባች። በጣም ነው የኮራሁባት።

ልጆቹ የፈሩት የላባችንን የፍላሽ ቫይረስ ነበር፣ ፍርሀታቸውም ልክ ነው። ሚስጥራዊ ቁልፉ ግን ከዕቃዋ አይወጣም፣ ኮምፒውተሩ ክፍያውን ይልክላታል፣ እሷ ውስጧ ፈርማ ትመልሳለች። ፒኑም ቢሆን ቁጥሮቹ ተዘበራርቀው የሚታዩት እሷ ስክሪን ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዘጠኝ ባዶ ካሬ ብቻ ስለሆነ የምንነካውን የሚሰልል ቫይረስ ቢኖር እንኳ ቁጥሩን አያገኝም፣ ይሄን ሲያዩ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ፕሮግራሙን ከጎግል ማስታወቂያ ላይ ሳይሆን የአምራቹን ድረ ገጽ አድራሻ ራሳችን ጽፈን ነው ያወረድነው። ማሸጊያው ተከፍቶ ወይም ቁልፉ ቢጠፋ መልሰው የሚያስገኙት 24 የመጠባበቂያ ቃላት አስቀድመው ተጽፈው የመጣ ዕቃ ካጋጠማችሁ በፍጹም አትጠቀሙበት።

ጥር ላይ አንድ ልጅ 24ቱን ቃላት በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ እንዳይጠፋብን አስቦ ነው እንጂ ክፋት የለውም፣ ግን ቃላቶቹን ያገኘ ሰው ዕቃዋም ፒኑም አያስፈልገው፣ ሁሉንም ይወስዳል። ስለዚህ ዕቃዋ ውስጥ ያለውን ሙሉ በሙሉ አጥፍተን በአዲስ ቃላት ጀመርን፣ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ፣ ስልኮች ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ገብተው።

ከሁሉም በላይ የደከምኩበት ግን አድራሻ፣ ማለትም ሳንቲሙ የሚላክበትን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ ማመሳከር ነው። ኮፒ ያደረግነውን አድራሻ ፔስት ስናደርግ በሌባ አድራሻ የሚቀይር ቫይረስ አለ፣ ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ምንም አይታወቅም። የካቲት ላይ ትክክለኛውን አድራሻ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ኮፒ የሚያደርጉበት ፋይል ውስጥ ያለውን ሆን ብዬ ቀየርኩት፣ ከ14ቱ 9ኙ የዕቃዋን ስክሪን ከሰሌዳው ጋር ሳያመሳክሩ በተኑን ተጫኑ። ከዛ በኋላ በየሳምንቱ አንዱ ጮክ ብሎ ፊደል በፊደል እያነበበ ሌላው ሰሌዳው ላይ እየተከተለ ተለማመድን። ግንቦት ላይ ሳልነግራቸው ደገምኩት፣ ሁለት ልጆች ብቻ ተጫኑ፣ መስከረም ላይ ከነሱ ነው የምንጀምረው።