ለልጄ፦ ድንኳኑ የት ይተከላል?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት። ወንድምሽ ፈተና ደርሶበት ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያጠናል። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ አላስቀምጥ ብሎት ነው። ይህን ነገር ልብ በይው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የሦስቱን የአርክቴክቸር ሥራዎችሽን ሥዕሎች አየኋቸው። በስልክ አልታይ ሲሉኝ ኮፒ ቤት ወስጄ በትልቅ ወረቀት አስወጣኋቸው። «አባዬ፣ እንደ አባት ሳይሆን እንደ ፎርማን እያቸው» ብለሻል። እሺ። አሁን ደግሞ የነዋሪዎች ማህበር ገንዘብ ያዥም ነኝ። በሁለቱም ዓይን አይቻቸዋለሁና ተዘጋጂ።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ፕላን ጥሩ ነው። ክፍሎቹ ግቢውን ከበው መቀመጣቸው ለአስተማሪዋ ይመቻታል፤ ከየትም ሆና ልጆቹን ታያለች። መስኮቶቹን ዝቅ ማድረግሽንም ወድጄዋለሁ። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

የጉሊቱ ጥላ ጣሪያው ያምራል። ግን ጉሊት ላይ የምትቀመጠውን ሴት አነጋግረሻታል? ዝናብና ፀሐይ ያስቸግሯታል፣ እውነት ነው። ከዚያ የባሰ የሚያስጨንቃት ግን ማታ ነው። ያልተሸጠውን ቲማቲምና ሽንኩርት የት ታሳድረው? ወይ ተሸክማ ቤቷ ትመልሰዋለች፣ ወይ ለባለሱቅ ከፍላ ታሳድረዋለች። አንቺ መቀመጫ እንዲሆን የሣልሽው የኮንክሪት መደብ አለ አይደል? ውስጡን ባዶ አድርጊው። ክዳንና የቁልፍ ማሰሪያ ስጪው። ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ዕቃ ያሳድሩበታል። ወጪው ብዙም አይጨምርም።

ሦስተኛው፣ የማኅበረሰብ ማዕከሉ ላይ ልቆይ። ለመመረቂያሽ የራሳችንን ሳይት መምረጥሽ ደስ ብሎኛል። እናትሽማ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

እንግዲህ ያን የማኅበረሰብ ማዕከል የሣልሽበት ቦታ ታሪክ አለው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ሲጀመር እኔ ብሎኬት ከሚደረድሩት መሃል ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ፕላን ላይ ከመኖሪያ ብሎኮቹ ሌላ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ነበረ። በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት። አንድ ሰው ቢሮ ተቀምጦ «እነዚህ ሰዎች ፎቅ ሲወጡ የፋሲካ በጋቸውን የት ያርዱታል?» ብሎ ተጨንቋል ማለት ነው። እስከ ዛሬ ያንን ሰው አመሰግነዋለሁ። ብዙ አርክቴክት እዚያ ድረስ አያስብልሽም።

ታዲያ እነዚያ ሕንፃዎች ዛሬ ምን ሆኑ? ብዙዎቹ ተከራዩ። ሱቅ የሆነ አለ፣ መጋዘን የሆነ አለ። የእኛው ለዓመታት ተቆልፎ ከርሞ አሁን የቆርቆሮና የሲሚንቶ ማስቀመጫ ነው። አንቺ በጽሑፍሽ ላይ «የማኅበረሰብ ቦታ በንግድ ተነጠቀ» ብለሻል። እዚህ ላይ እንከራከር።

መጀመሪያ፣ ሰው ለምን እንዳልተጠቀመበት እዪ። አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው በጉን ግቢው ጥግ ድረስ ወስዶ፣ ሥጋውን በሳፋ ተሸክሞ አይመለስም። ከራሱ ደረጃ ሥር ያርደዋል። በዓል የሚሆነውም ያኔ ነው፤ ጎረቤት እያየ፣ ልጆች እየተሯሯጡ። ልብስ ማጠቢያውስ? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የመጣ ቀን ሁሉም ቤቱ ገብቶ ጀሪካኑን ይሞላል፣ ልብሱንም እዚያው ያጥባል። የቸገረው ማጠቢያ አይደለም፣ ማስጫ ነው። በረንዳው አልበቃ ብሎ አንሶላው አጥር ላይ ይሰጣል። በአንቺ ፕላን ላይ ስንት ዓይነት መቀመጫ አለ! አንድ የልብስ ገመድ ግን የለም።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ። የጥበቃ ደሞዝ አለ። የውሃ መግፊያው ሞተር ይቃጠላል። ፍሳሽ ሲሞላ ቦቴ ይጠራል። የደረጃ አምፖል ይሰረቃል። መዋጮውን በወሩ የሚከፍል ይከፍላል፣ «ነገ» የሚል ነገ ይላል፣ በሩን የማይከፍትልኝም አለ። አንድ ክፍል ብናከራይ ግን የጥበቃው ደሞዝ ቀኑን አያልፍም። ስለዚህ ንግድ ጠላታችን አይደለም። ጥፋቱ ንግዱ ሳይታሰብበት መጥቶ ማጠቢያውንም መጋገሪያውንም መዋጡ ነው።

እና እንዲህ አድርጊ። ወደ መንገዱ በኩል ሁለት ሱቆች ሣይ። በራቸው ወደ ውጭ ይሁን። ቆጣሪያቸው ለብቻ ይሁን። ከመጀመሪያው ቀን ለኪራይ ናቸው ተብለው ይሠሩ። የእነሱ ኪራይ የቀረውን ቤት መብራትና ውሃ ይክፈል። ሥራሽን የሚገመግመው ጁሪ «ይሄ የት አለ ፈጠራው?» ቢልሽ፣ ሕንፃው ራሱን ያስተዳድራል በይው። የወጪና የገቢውን ሠንጠረዥ እኔ እሠራልሻለሁ፤ ቦርዱ ላይ ለጥፊው።

አሁን ወደ ዋናው። ያ መሃል ላይ የሣልሽው አምፊቴአትር፣ ደረጃ ደረጃ ያለው፣ የት እንዳረፈ ታውቂያለሽ? የዕድራችን ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ላይ!

ልጄ፣ በዚህ ግቢ ትልቁ ስብሰባ ለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ያ ሁሉ ሰው ደረጃ ላይ አይቀመጥም። ሽማግሌ ይመጣል፣ ምርኩዝ የያዘች እናት ትመጣለች፣ ልጅ ያዘለች ትመጣለች። የሚያስፈልገው ዳር እስከ ዳር ሜዳ የሆነ፣ ውሃ የማይቋጥር መሬት ነው። ለዓይን የማይታይ ትንሽ ተዳፋት ስጪው፣ ይበቃል። ድንጋይ ስታነጥፊ የድንኳኑ ችካል የሚገባበትን ቀዳዳ አስቀድመሽ ተይ፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ለቅሶ ንጣፉን በዲጂኖ ይፈነቅሉታል። ሠርግም ሲሆን ያው ድንኳን፣ ያው ቦታ ነው።

ከሜዳው አጠገብ የዕድር ዕቃ ቤት ይኑር። አሁን አግዳሚው አንዱ ደረጃ ሥር፣ ድስቱ ሌላው ብሎክ፣ ብርጭቆው ጸሐፊው ቤት ነው ያለው። በሩ ሰፊ ይሁን፤ አግዳሚ ተሸክመው ሁለት ሰዎች ሳይጠማዘዙ ይግቡ። መጸዳጃም አትርሺ። ለቅሶ የመጣ እንግዳ መጸዳጃ ፍለጋ የማያውቀውን ሰው በር ማንኳኳት የለበትም።

ሥዕሉ ላይ ስላስቀመጥሻቸው ሰዎች አንድ ነገር ልበልሽ፤ እንዳትስቂ። ሁሉም ፈረንጆች ናቸው። አንዷ ውሻ ትጎትታለች። አንዱ በስኬትቦርድ እየበረረ ነው። ከኮምፒውተሩ ላይ ተገልብጠው የሚመጡ ናቸው ብለሽኛል፣ ገባኝ። ግን ነጠላ የለበሰች ሴት ስታስገቢ መቀመጫው ምን ያህል ከፍታ እንደሚያስፈልገው ታያለሽ። ጀሪካን የያዘ ልጅ ስታስገቢ በሩ ይጠብብሻል። እናትሽ ፎቶ አንሺኝ ብላለች፤ እሷን አስገቢያት።

ግድግዳውን በተጠቀጠቀ የአፈር ብሎኬት አድርገሽዋል። ባለፈው ለዕረፍት ስትመጪ ስለ ጋንዶው ትምህርት ቤት ያሳየሽኝን ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ያ የቡርኪና ፋሶው ሰው፣ ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ፣ በርሊን ተማሪ እያለ ነው ለተወለደበት መንደር ትምህርት ቤት የነደፈው። ገንዘቡንም ራሱ አሰባሰበ። እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ፣ በ2004 የአጋ ካንን የአርክቴክቸር ሽልማት አገኘ፣ በ2022 ደግሞ ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን የተሸለመ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ሽልማቱ ለእናንተ ለተማሪዎቹ ነው። እኔን የገረመኝ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ተነጥሎ ከፍ ብሏል፤ በመሃል አየር ያልፋል፣ ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ አይወርድም። የተሸከመው ደግሞ ከቀጭን ብረት የተበየደ የጣሪያ ማዕቀፍ ነው፤ ክሬን አልጠየቀም፣ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ሠሩት። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀትር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ጣሪያ ያከብራል።

ግን የዚያ መንደር ሰዎች መጀመሪያ ጭቃውን አላመኑትም። ክረምቱ ያፈርሰዋል አሉ። የእኛም ሰዎች እንደዚያው ይሉሻል፣ እንዲያውም ይብሳሉ። እዚህ ካለው ሰው ብዙው ከጭቃ ቤት ነው የወጣው። ግድግዳው ሲያብጥ፣ ጥጉ ሲረግፍ፣ በየዓመቱ ለፋሲካ ሲመርግ የኖረ ሰው ነው። «ከጭቃ አውጥታችሁን መልሳችሁ ጭቃ?» ቢሉሽ አትናደጂ። ክርክሩንም በኮምፒውተር አታሸንፊውም። ብሎኬቱን አስመርቺ፣ ግቢው ውስጥ ዝናብ የሚመታው ቦታ ላይ እንደርድረው፣ አንድ ክረምት ይክረም። እናትሽ ልጆች እንዳይነኩት ትጠብቀዋለች። ከነሐሴ በኋላ እነሱ ራሳቸው ይፈርዱበታል።

ሴክሽንሽ ላይ፣ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ቆርጠሽ ባሳየሽበት ሥዕል፣ አንድ ነገር ግን አስተካክዪ። የአፈሩ ግድግዳ ከመሬት ነው የሚነሳው። ይህ አይሆንም። ያች ኦስትሪያ የተማረችው አና ሄሪንገር ባንግላዴሽ ሩድራፑር ላይ ያሠራችውን ትምህርት ቤት አይተሽዋል፤ እሱም የመመረቂያ ሥራዋ ነበር። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፣ እኛ የምናውቀው ነገር። ግን ከሥሩ የጡብ መሠረት አለው፣ እርጥበት የሚከለክል ንጣፍም አለው። አንቺም በድንጋይ ቢያንስ እስከ ጉልበት አንሺው። የጣሪያውን ክፈፍ አስረዝሚ። አዲስ አበባ ዝናቡ በነፋስ ታጅቦ በጎን ነው የሚመጣው።

የመጋገሪያው ክፍል ይቅር ብዬ ነበር፣ እናትሽ እንቢ አለች። ቤት ውስጥ ምጣድ ሲጣድ ቤቱ ሁሉ ይታፈናል፣ ምሽት ላይ ደግሞ ሁሉም ሲጋግር መብራቱ ይወድቃል ብላ። ልክ ናት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። አራት ምጣድ ካሰብሽ የራሱ መስመር ይግባለት። የኤሌክትሪክ ተማሪ ጓደኛ ካለሽ አማክሪው።

የወንድምሽ ጉዳይ። ይህ ግቢ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ማጥኛ ክፍል ነው። አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው እየኖረ ልጅ የት ያጥና? ማታ ብትመጪ በየደረጃው አምፖል ሥር ተቀምጠው ታያቸዋለሽ። አንቺ ግን «የፈጠራ ማዕከል» ብለሽ ሦስት ክፍል ሰጥተሻል። ማጥኛው አንድ ጥግ ላይ ነው። ገልብጪው። የፈጠራ ማዕከሉ አንድ ክፍል ይበቃዋል። ጸጥታ ግን ግድግዳ ይፈልጋል። ከሱቆቹም ከመጋገሪያውም አርቂው።

የመጨረሻው፣ ቁልፉ። ማን ይዞ ይከፍታል? ኮንሶ ሄደሽ የመንደሩን የጋራ ቤት፣ ሞራ የሚሉትን፣ አይተሽ ስትመለሺ የነገርሽኝ ትዝ ይልሻል? ከታች ጥላና መቀመጫ፣ ከላይ የሣር ጣሪያ ሥር መኝታ። ወጣቶቹ እያደሩበት መንደሩን ይጠብቃሉ። የማይቆለፈው ለዚህ ነው፤ ሁልጊዜ ሰው አለበት። የእኛ ጥበቃ ግን በር ላይ ያለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው፣ አንቺ ደግሞ ሕንፃውን ከእሱ ጀርባ ደብቀሽዋል። የጥበቃውን ክፍል ከማዕከሉ ጋር አጣብቂው። አንድ መስኮቱ ዋናውን በር ይይ፣ ሌላው ማጥኛውን ይይ። አልጋ ይኑረው፣ ሻይ ማፍያ ይኑረው። በዚያ ደሞዝ የሚያድር ሰው ይህ አይበዛበትም።

ስትመጪ ሜትር ይዘሽ ነይ። የዕድሩ ስብሰባ ወሩ በገባ የመጀመሪያው እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። ዳኛውን አነጋግሬዋለሁ፤ ሥዕሉን ታሳያቸው ብሏል። ሴቶቹ ብዙ ይናገሩሻል፣ ማስታወሻ መያዣ አትርሺ። ድንኳኑንም እንዘርጋውና ለኪው። ስፋቱን ከሚነግሩኝ ሁለቱ ሰዎች አንዱ በእርግጠኝነት ተሳስቷል።

የፕሪንቱን ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ሞዴሉን በአውቶቡስ አታምጪው፣ ባለፈው የሆነውን ታውቂዋለሽ። ፎቶውን ብቻ ያዢ፣ እዚህ ካርቶን አለ።

አባትሽ